በዝክር ስም ያወጣሁት ተዝካር

ባለፈው ሳምንት የነፍስ አባቴ መጥተው ኑዛዜሽን ልስማ አሉኝ። ልጅ ናቸው፣ ጢማቸው እንኳ ገና አልሞላም፤ ቢሆንም የነፍስ አባት ናቸውና እሺ አልኩ። ምን አለሽ፣ ለማንስ ትተዪዋለሽ ብለው ጠየቁኝ። ሳቄ መጣ። መሬቱን መንግሥት የኔ ነው ካለ ቆይቷል። ላም የለኝ፣ በግ የለኝ። ሁለት ጋን፣ አንድ አልጋና የምለብሰው ያረጀ ባና ነው ያለኝ። ላስብበት፣ ሌላ ቀን ይምጡ ብዬ ሸኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ምግብም አልበላ አለኝ። ኑዛዜ ሲባል ሁልጊዜ እንዲህ ያደርገኛል። በስተርጅናዬ የቆጠርኳት ፊደል አለችኝና ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ደግ ሴት ስለሆንኩ አይደለም። ደግ ሴት ሆኜም አላውቅ።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ ነው። እኔ የደምበጫ ልጅ ነኝ። የተዳርኩት ግን ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ሥር ካለ ደጋ ነው። ብርዱን ለመልመድ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ባሌ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ሲስቅ ብቻ ድምፁ ጎረቤት ይሰማል። ልጅ አልወለድንም። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ምሽጉን ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ ባሌ አንድ ቀን ጠመንጃውን ከጣራው ሥር አውጥቶ ወለወለው፤ በሳምንቱ ጫካ ገባ። አትሂድ አላልኩትም። ብለውም አይቀርም ነበር።

ሕጉን የማያውቅ ሰው ይኖር እንደሆነ ልንገረው። ያኔ በእኛ አገር ርስት የሚሄደው በደም ነው፤ ሚስት ደግሞ ደም አይደለችም። ልጅ ካላት በልጇ ስም ትቀመጣለች። ልጅ ከሌላት፣ ባሏ የሞተ ዕለት አብረው ያፈሩትን ከብትና እህል እኩሌታውን ይዛ ወደመጣችበት ትመለሳለች። ቤቱ የቆመው በርስቱ ላይ ስለሆነ ቤቱም የወንድሞቹ ነው። እኔ ደግሞ የምመለስበት አልነበረኝም። እናትና አባቴ አልፈዋል፤ ድርሻዬን አጎቶቼ ማረስ ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ እሱን ላስመልስ ብል ዕድሜዬ በሙግት ያልቃል። እንዲህ ያለችዋን ሴት የሚያድናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሏ ሊሞት ሲል፣ እሷ እስክትሞት ድረስ ከቤቷ ማንም አያስወጣት ብሎ ተናዝዞ እንደሆነ። ያም ቢሆን የነፍስ አባት ብቻቸውን ሰምቻለሁ ቢሉ አይበቃም። ኑዛዜውን የሰሙ ሌላ ሁለት እማኞች ቀርበው መማል አለባቸው።

ባሌ ጫካ በገባ በሁለተኛው ክረምት፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ገብስ ልሸጥ ሮብ ገበያ ወረድኩ። የነፍስ አባታችን፣ የእኔም የባሌም የአማቴም የነፍስ አባት የነበሩት ቄስ፣ እህል ተራ ድረስ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። እሳቸው ለአርበኞቹ ቅዳሴና ኑዛዜ እያሉ ጫካ ይመላለሱ ነበር። እጃቸውን ገብሱ ውስጥ ከትተው እህሉን እንደሚያይ ሰው እያገላበጡ፣ ባሌ ቆስሎ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ ሰባት፣ ዋሻ ውስጥ ማረፉን ነገሩኝ። እዚያው ፈትተው ቀብረውታል። ተናዝዟልም። እሷ እስክትሞት ከቤቷ አትነቃነቅ ብሏል። ይህን ከእሳቸው ሌላ የሰሙ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም አርበኛ ናቸው፤ ከጫካ ከወረዱ ግንድ ላይ ይሰቀላሉ።

እሪ እንዳልል ከፊት ለፊቴ ባንዳ ቆሟል። አባ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «እማኞቹ እስኪወርዱ በሆድሽ ያዥው፤ ዛሬ መርዶ ከተረዳሽ ነገ ትወጫለሽ» አሉኝ። ለእናቱስ ብዬ ጠየቅኩ። ለእናቱ ከነገርሽ ለአገር ነገርሽ ማለት ነው አሉና መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። እኔ ገብሱን ሸጥኩ። ወይ እኔ! ያን ዕለት ዋጋ ተከራክሬ ሸጥኩ።

ለራሴ ስናገር ባንዳ ቤቱን እንዳያቃጥልብን ብዬ ነው የደበቅኩት እል ነበር። ውሸቴን ነው። ባሌ ጫካ መግባቱን አገር ያውቀዋል፤ ሊያቃጥሉት ቢፈልጉ ድሮ ያቃጥሉት ነበር። የደበቅኩት ለቤቱ ነው። ምድጃዬን፣ ደጃፌን፣ ደጄ ላይ ያለችውን የኮሶ ዛፍ ላለመልቀቅ ነው።

አማቴ ቤታቸው ከቤቴ ሥር፣ ተጣርተው የሚደማመጡበት ቦታ ላይ ነበር። መበለት ናቸው፤ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ባሌ ትንሹ ነው። ትልቁን፣ ዋርሳዬን፣ በዚያን ጊዜ እርስዎ ነበር የምለው፤ አሁን ግን እሱ ልበለውና ይውጣልኝ። መቼም እውነት መናገር ከጀመርኩ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንድሙ እስኪመለስ ብሎ ከራሱ ማሳ በፊት የእኔን ያርስልኝ ነበር። ሲያርስ ግን ዓይኑ ቤቱ ላይ ይውላል፤ አጥሩ ማዘንበሉን፣ ጣራው ማፍሰሱን ከእኔ በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። ወንድሜ ከመጣ ያድሰዋል ይላል። ካልመጣ የሚለውን አይጨርሰውም። እኔም ገበታ አቅርቤ አበላዋለሁ።

አማቴ ጠዋት ጠዋት እየተጣሩ በሕልማቸው ያዩትን ይነግሩኛል። አንድ ቀን ነጭ በቅሎ ላይ ሆኖ አዩት፤ ሌላ ቀን ወንዝ ሲሻገር። ደግ ነው እላለሁ። ከዚያ ገብቼ በሩን እዘጋና ነጠላዬን ነክሼ እንቀጠቀጣለሁ። ድምፅ ማውጣት አይቻልም። ሴት ባሏን በድምፅ ካላለቀሰችለት አልቅሳ አልቅሳ አይወጣላትም፤ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ይከብዳል። ይህን የማያውቅ ተመስገን ይበል።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን አርባው ነው። ሰው ሞቶ በአርባ ቀኑ ተዝካሩ ካልወጣ ነፍሱ በር ላይ ትቀራለች ብለን ነው ያደግነው። ቤቱን ይዤ የሱን ነፍስ በር ላይ ልተዋት? በጣቴ ብቆጥረው ብቆጥረው አርባው ሐምሌ አሥራ ስድስት ይውላል፤ የኪዳነ ምሕረት ዕለት። እግዜር ይሁን ሰይጣን ያስታወሰኝ እንጃ፣ ለባሌ ብዬ ለኪዳነ ምሕረት ተስያለሁ፣ ዝክር ላወጣ ነው ብዬ አስወራሁ። አባን ስነግራቸው፣ ጠላው ይብዛ፣ ዳቦውም ሦስት ይሁን አሉኝ።

ጎረቤት ተጠራ፣ ዋርሳዬ በግ አረደልኝ፣ አማቴ በማለዳ መጥተው ጉዝጓዙን በእጃቸው ጎዘጎዙ። አባ ቆመው ለሙታን የሚደርሰውን ጸሎት ዝግ ባለ ድምፅ አደረሱ። ከመካከላችን ግዕዝ የሚሰማ አልነበረም። የባሌን የክርስትና ስም ሲጠሩ ግን አማቴ ሰሙ። ብድግ ብለው ሄደው የአባን መስቀል ሳሙ። ስሙን አነሱልኝ፣ በደህና ይመልሰዋል አሉ። ከዚያ ተቀምጠው በሉ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ አጎረሱኝ፤ ልጄን ያሰብሽ፣ እመቤቴ ታስብሽ ብለው መረቁኝ። ጎረስኩ። አልወርድ ብሎኝ በጠላ አወረድኩት። እንግዳው ሁሉ አሜን ሲል አባ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እህል አልቀመሱም።

ሰው ሲወጣ አማቴ ወደ ኋላ ቀርተው ዋንጫውን አጠቡልኝ። ያን ያህል ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

በፍልሰታ ጾም አማቴን ብርድ መታቸው። ሳል ጀመራቸው፤ በአምስተኛው ቀን መቀመጥ አቃታቸው። አባ ተጠሩ፣ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፣ ዋርሳዬ እግራቸው ሥር፣ እኔ ራስጌያቸው ተቀመጥን። ኑዛዜ ሲሰጥ ሕጉ እንደዚህ ነው፤ ሟች ይናገራል፣ የነፍስ አባት ቃሉን ደግሞ ይጠይቃል፣ እማኝ ይሰማል። ከብታቸውን፣ እህላቸውን፣ ከባላቸው ያገኙትን ለትልቁ ሰጡ። የራሳቸው የአባታቸው ርስት የሆነች ወንዝ ዳር ያለች አንዲት ማሳ ነበረቻቸው፤ ደጋ ውስጥ እንደሷ ያለ ለም መሬት የለም። እሷን ለትንሹ ልጃቸው አደረጉ፤ እስኪመጣ ይቺ ሚስቱ ትጠብቅለት አሉ።

አባ ቃሉን ደገሙት። ደግመውም ዝም አላሉም፤ የማይጠየቀውን ጠየቁ። «ባይመጣስ፣ እማማ?»

አማቴ ዓይናቸውን ገለጡ። «ይመጣል» አሉ። «ዝክሩን በልቼለት የለ?»

አባ እኔን አዩኝ። እኔ የአማቴን እጅ አየሁ። ትንሽ፣ ቀዝቃዛ እጅ ናት፤ በመዳፌ ይዣታለሁ። ያኔ ብናገር ልጃቸውን በሁለት ቃል እቀማቸዋለሁ፤ ባልናገር ለሞተ ሰው ሲያወርሱ ዝም ብዬ አየሁ ማለት ነው። ዝም አልኩ። ለሳቸው ስል ዝም ያልኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለልማድም ነው፤ ዝም ማለት ለምዶብኝ ነበር።

አማቴ ሲቀበሩ ያለቀስኩትን ልቅሶ አገር አወራው። ፊቴን ነጨሁ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ፣ ሁለት ሴቶች ይዘው አልቻሉኝም። ለአማቷ እንዲህ የምታለቅስ ምራት አላየንም ተባለ። ሁለቱን አንድ ላይ እያለቀስኩ እንደሆነ ማን ይወቅ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ጣመኝ፤ ጣመኝ ማለት ነውር ቢሆንም ጣመኝ። የሰው ልቅሶ ባለበት ሁሉ እሄዳለሁ። የማላውቀው ሰው ሞቶ እንኳ አምበር ድረስ በእግሬ ሄጄ አውቃለሁ። ግጥም ይመጣልኛል፤ እኔ ስቀበል ድንጋይ የሆነ ሰው ያለቅሳል። እየቆየ ሰው ይልክብኝ ጀመር፤ ልቅሶ አለብን፣ እሷ ካልመጣች አይደምቅም እያለ። አልቃሽ ሆኜ አረፍኩት። ሴቶቹ ባሏ ሲመለስ ምን ልታደርግ ነው፣ እንባዋን ጨርሳዋለች እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

በዓመቱ አባ ጫካ ሳሉ ተስቦ ይዟቸው መጥተው አረፉ። ምስጢሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረኝ፣ እሱም ሄደ። በቀብራቸው ላይ ስንቱን አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ባሌ መሞቱን በዚያ አጥቢያ የማውቅ እኔ ብቻ ሆንኩ። ማንም በማያውቀው ሞት ውስጥ ለብቻ መቀመጥ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። አንዳንድ ቀን ራሴም እጠራጠር ነበር። ኮቴ ስሰማ በር እከፍት ነበር።

ጣሊያን ወጣ፤ አርበኞቹ ወረዱ። ሁለቱ እማኞች አልሞቱም ነበር። ራሳቸው መጥተው ዋርሳዬን አረዱት፤ ቀጥለውም ኑዛዜው እንዲሰማ ጠየቁ፤ ልቅሶውም ከዚያ በኋላ ይሁን ተባለ። በሦስተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ላይ ሽማግሌዎችና ጭቃ ሹሙ ተቀመጡ። እማኞቹ ማሉ፤ የነፍስ አባቱ ቢያርፉም የሁለቱ ቃል ገጥሟልና ይበቃል ተባለ። ቤቱ እስክትሞት የሷ ነው ተብሎ ተፈረደልኝ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩትን ነገር በአንድ ጠዋት አገኘሁት።

የቀረው የወንዝ ዳሯ ማሳ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሕግ አዋቂ የሚባለው፣ ነገሩን ፈታው። አማቴ ሲያርፉ ልጃቸው በሕይወት ከነበረ፣ ማሳዋ የሱ ሆናለች፤ በሱ ኑዛዜም እስክትሞት ሚስቱ ትበላታለች። ቀድሟቸው ሞቶ ከነበረ ግን ሙት አይወርስም፤ ማሳዋ ወደ ትልቁ ትመለሳለች። ስለዚህ የሞተበት ቀን ይነገር አለ። እማኞቹ ተያዩ። ክረምት ነበር፣ ጎርፉ ዋሻው አፍ ላይ ይወርድ ነበር፤ ቀኑን ግን ጫካ ውስጥ ማን ይቆጥራል አሉ። አማቴም ያረፉት በዚያው ክረምት ነው። ሽማግሌው ወደኔ ዞረ፤ አንቺ ከአባ የሰማሽው ነገር ይኖር እንደሆነ ብሎ ጠየቀኝ።

መስከረም ነው ብል ማንም አያስተባብለኝም። ያወቀው ሞቷል። ማሳዋን አውቃታለሁ፤ በእጄ አርሜያታለሁ፤ ከእሷ የሚገኘው ገብስ ብቻውን ዓመት ያከርመኛል። መስከረም ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ የመጣብኝ ዝክሩ ነው። መስከረም ከሞተ ያ ድግስ ተዝካሩ አይደለም፤ ጸሎቱም የሱ አይደለም፤ ባሌ ያለተዝካር ቀረ ማለት ነው። ሁሉን ነገር ዋሽቼ ያቆየሁለት አንድ እውነት እሱ ብቻ ነበር። ሰዎች እውነተኛ ነች ይሉኛል እንጂ፣ እኔ ያን ዕለት እውነት የተናገርኩት ለእውነት ብዬ አይደለም።

«ሰኔ ሰባት ነው የሞተው» አልኩ። «አርባውን ሐምሌ አሥራ ስድስት አውጥቼለታለሁ። ሁላችሁም በልታችኋል።»

ሰው በጣቱ ሲቆጥር አየሁ። ዋርሳዬ አልቆጠረም። ተነስቶ ቆመ፤ ፊቱ ዓመድ መስሏል።

«እናቴን የልጇን ተዝካር አበላሻት?» አለኝ።

ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። ስለ ማሳዋ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ሽማግሌዎቹ እሱ በሌለበት ፈረዱለት።

በማግስቱ ጠዋት ልቅሶ ተሰማኝ። ከዋርሳዬ ቤት ነው። አጥቢያው በሙሉ እዚያ ተሰብስቧል፤ አርበኞቹ ያመጡት የባሌ ጋሻና ልብስ ወጥቷል፤ ስሙ ሲጠራ ከደጃፌ ይሰማኛል። እኔ ቤቴን ጠርጌ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። መርዶ ነጋሪ ለሚስት ይመጣል፤ ቢዘገይም ይመጣል፤ እንደዚያ ነው የሚደረገው። ቢያንስ ያለቀስኩላቸው ይመጣሉ ብዬ ነበር። ባሏን ስትቀብር አቅፌ ያደርኳት አለች፤ ሁለት ልጆቿን አንድ ሳምንት ውስጥ ስትቀብር ድምፄ እስኪዘጋ የተቀበልኩላት አለች። ፀሐይ ተቆለቆለች። አንድ ሰው አልመጣም። አልቅሳ ጨርሳለች ብለዋል አሉ፤ በኋላ ነው የሰማሁት። እንደማንኛዋም ሴት ጮሄ ላልቅስ አልኩ፤ አሁን የሚከለክለኝ የለም። ሞከርኩ። ለሰው ሁሉ የመጣልኝ ግጥም ለባሌ አንድ ስንኝ አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ብቻዬን ኖሬያለሁ። ማንም ከቤቴ አልነቀነቀኝም፤ ኑዛዜው ተከብሯል። ዋርሳዬ እስኪሞት ድረስ እግሩ ደጄን አልረገጠም፤ አንድ ክረምት ጣራዬ ሲፈርስ ግን ልጁን ልኮ አስጠግኖልኛል። ልጁ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። እሱ ሲሞት ልቅሶው ላይ አጥር ጥግ ቆሜ አለቀስኩ፤ ቁጭ በይ ያለኝ የለም፣ ሂጂ ያለኝም የለም። ቆይቶ ደግሞ ያ ሁሉ የተናጨንበት ርስት የማንም አይደለም ተባለ። ወይ ጉድ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ትናንት የነፍስ አባቴ ተመልሰው መጡ። ወረቀትና እርሳስ ይዘዋል። ጋኖቹን ለቤተ ክርስቲያን፣ ባናውን ለለማኝ አልኩ። ሌላስ አሉኝ። ሌላ አንድ ነገር ብቻ፣ የሞትኩ ዕለት በዚያው ቀን ይነገር፤ አንድ ቀን እንኳ አይደር አልኩ። ጻፉት። እርሳሳቸውን ሳያነሱ ለማን ይነገር ብለው ጠየቁኝ።

በሩ ክፍት ነበር። የወንዝ ዳሯ ማሳ ከዚያ ትታያለች፤ አሁንም የሚያርሳት የዋርሳዬ የልጅ ልጅ ነው። በሬውን ሲጠራ ድምፁ ባሌን ይመስላል።

እሱ ስሜን እንኳ አያውቀውም ይሆናል። ለእሱ አልኳቸው።